መረጃ አቀባይ ቁጥር ሰባት

እስቲ ንገሩኝ፦ አንዲት ሴት ስሟን በአደራ ብትሰጣችሁ፣ እናንተም ያንን ስም ለአንድ ተቋም በአደራ ብታስተላልፉ፣ ተቋሙ ደግሞ ሳያነብ አትሞ ቢበትነው፣ በሴትዮዋ ላይ ለሚደርሰው ነገር ተጠያቂው ማን ነው? መልሱ ቀላል ነው የምትሉ ካላችሁ ነስሪንን አታውቋትም ማለት ነው።

ነስሪን በጨርጨር ተራራ ዩኒቨርሲቲ የፎክሎር መምህርት ናት። ያን ዓርብ ጠዋት የቋንቋና የሂዩማኒቲስ ፋኩልቲ ዓመታዊ የጥናት ጉባኤውን ጭሮ ባለው አዳራሹ ሊከፍት ሽር ጉድ ይል ነበር። መግቢያው ላይ፣ ባለፈው ዓመት የቀረቡት ጥናቶች የታተሙበት መጽሐፍ ከካርቶን እየወጣ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ነስሪን አንዱን አነሣችና የራሷን ጽሑፍ ፈለገች፦ «የቡና ለቃሚ ሴቶች የሥራ ዘፈኖች በዳሮ ለቡ»። የሁለት ዓመት ድካሟ ነው። በጣቷ ርዕሱን ዳበስ አድርጋ ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ ጽሑፉ መጨረሻ ገለጠች።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«አባሪ ሁለት፦ የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር» ይላል። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥር፣ ፎቶ። ሰባተኛው መስመር ላይ ቢጫ ሻሽ ያሰረች የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ካሜራውን ትክ ብላ ታያለች። አስማ አህመድ፣ መቻራ።

ይህ ስም እዚያ መገኘት አልነበረበትም።

በዳሮ ለቡ፣ መቻራ ላይ አክረም የሚባል የቡና ነጋዴ ትልቅ መጋዘን አለው። ሴቶች እዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ብልሹውን ፍሬ ከደህናው ይለቅማሉ። ሲለቅሙ በሩ ከውጭ ይቆለፍባቸዋል፤ አንድ ጭብጥ ቡና በነጠላቸው ቋጥረው እንዳይወጡ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እስከ ጣሪያው የተከመረ ጆንያ ተናደና ዙለይኻ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ወደቀ። ሴቶቹ ክምሩን ማንሣት ቢያቅታቸው በሩን ደበደቡ። ቁልፉ አክረም ወገብ ላይ ነው፤ አክረም ደግሞ በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃመ ነበር። ተፈልጎ መጥቶ በሩ ሲከፈት ልጅቷ አልቆላት ነበር። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ተባለ፤ ቤተሰቧም ጉዳዩን ሁለተኛ ላያነሣ ማለ። ሴቶቹን ግን ማንም አላስማላቸውም። አስማ በኦሮምኛ ገጠመችው፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፣ ተቆጣጣሪው ዘወር ባለ ቁጥር ይዘፍኑት ጀመር። በነስሪን ጽሑፍ ውስጥ ዘፈን ቁጥር አራት ነው፤ ወደ አማርኛ ስትመልሰው እንዲህ ሆነ፦

ጆንያው ሲወድቅ ሰማነው፣ ስትጣራም ሰማናት፣
በሩ ከውጭ ተቆልፎ፣ በእጃችን ሳናወጣት።
ቁልፉ ከጌታው ወገብ፣ ጌታው ከበርጫው ቦታ፣
እኛ በር ስንደበድብ፣ ድምጿ ጠፋ ባንዳፍታ።

አስማ ዘፈኑን ስታስቀዳ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ዘፈኑ ይሂድ። እኔ ግን የምኖረው እዚህ ነው። ስሜን አደራ።» ነስሪን ወላሂ ብላ ማለች። በጽሑፉም ውስጥ አስማ «መረጃ አቀባይ ቁጥር ሰባት» ብቻ ሆነች።

ታዲያ ዝርዝሩ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነስሪንም ንጹሕ አይደለችም። በዚህ ሙያ የስምና የፎቶ ዝርዝር ከኋላ ያልለጠፈ አጥኚ፣ ቤቱ ተቀምጦ የፈጠረ ተደርጎ ይጠረጠራል። ገምጋሚዎቹ ጽሑፏን ሁለት ጊዜ መለሱት፦ «መረጃ አቀባዮቹ ስለመኖራቸው ማረጋገጫ የለም።» የረዳት ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዋ ቀን እየደረሰ ነበር። በሦስተኛው ዝርዝሩን በተለየ ፋይል፣ አናቱ ላይ በደማቁ «ለገምጋሚ ብቻ» ብላ ላከችው። «ለገምጋሚ ብቻ»! የሚያነብ ሰው በሌለበት ቤት እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ግድግዳን እንደመለመን ነው። ይህን ማወቅ ነበረባት። ታውቅም ነበር፤ ግን ዕድገቱን ፈለገችው።

አሁን መጽሐፉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ ሩሐማ ሄደች። ሩሐማ የፋኩልቲው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ወለል ላይ ተንበርክካ ካርቶን ትቀድዳለች።

«ሩሑ፣ ይሄ መጽሐፍ ገና አልተበተነም አይደል?»

«ቦርሳ ውስጥ ልከት ነው። ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ? ቁርስ አልበላሽም?»

«አንድም ሰው አልወሰደም?»

«አንድም። ከክብር እንግዳው በቀር።»

«የክብር እንግዳው ማን ነው?»

«ባነሩን አላየሽም እንዴ? አቶ አክረም ናቸዋ! ጉባኤውን ስፖንሰር ያደረጉት። ረቡዕ ለሾፌራቸው ሰጠሁት። ዲኑ ዶክተር እንዳሻው ደግሞ የነስሪን ጽሑፍ ላይ ምልክት አድርጊበት፣ ስለ ቡና መጋዘናቸው ነው፣ ደስ ይላቸዋል አሉኝ። ቀይ ሪባን አደረግሁበት። አምሮበት ነበር።»

ዲኑ ያነበበው ርዕሱን ብቻ ነበር። ስለ አንድ ሰው ወንጀል የተዘፈነ ዘፈን፣ ከዘፋኟ ፎቶና ስልክ ቁጥር ጋር፣ ሪባን ታስሮበት ለባለወንጀሉ በስጦታ ሄዷል። ዛሬ ዓርብ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እጁ ላይ ነበር ማለት ነው።

ዶክተር እንዳሻውን መድረኩ ጥግ አበባ ሲያስተካክል አገኘችው።

«ነስሪን! እንኳን ደስ ያለሽ። ወፍራም ጥናት ነው።»

«ዶክተር፣ አንብበውታል?»

«አየት አየት አድርጌዋለሁ።»

«ዘፈን ቁጥር አራትን?»

ገልጣ ሰጠችው። ቆሞ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ድምፅ እንዳያሰማ የፈራ ይመስል ነበር።

«ስም አልተጠራም እኮ» አለ።

«የአስማ ስም ተጠርቷል። ከነፎቶዋ።»

«ዝርዝሩን የላክሽው አንቺ ነሽ።»

«ለገምጋሚ ብቻ ብዬ!»

«የሁሉም ጽሑፍ ወጥ ይሁን ተብሎ ነው። የሌላው ሁሉ ዝርዝር ሲኖረው ያንቺ ብቻ ጎዶሎ ይሁን?»

«መጽሐፉ ይሰብሰብ ዶክተር፤ እለምንዎታለሁ። ሴትዮዋን ይገድሏታል።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።» ዙሪያውን ቃኘ። «የዕድገት ፋይልሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሰኞ ቦርድ ይቀርባል። በማይረባ ነገር አታበላሺው። ደግሞ እሳቸው መጽሐፍ የሚያነቡ ሰው አይደሉም።»

«እርስዎም አላነበቡትም።»

ዲኑ አፉን ሊከፍት ሲል ስልኳ ጮኸ። የመቻራ ቁጥር ነው። ነስሪን ወደ በረንዳው ወጥታ አነሣችው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አዴ አስማ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም፣ ያ ነስሪን። እኔ ፎቶ ላይ እንደዚያ ወፍራም ነኝ እንዴ?»

ነስሪን የበረንዳውን በር ከኋላዋ ዘጋች።

«ሁለት ሰው በሞተር መጣ» አለች አስማ። «ሱብሒ ሰግጄ ስወጣ ደጄ ላይ ቆሟል። ስልክ ላይ ፎቶ አሳየኝ። ቢጫ ሻሼን አወቅሁት። ዘፋኟ አንቺ ነሽ? አለኝ። አንዱ ሳቀ። ሲመሽ፣ ከመግሪብ በኋላ እንመለሳለን፣ ለኛም ትዘፍኛለሽ አለ።»

«ይውጡ ከዚያ! ሂርና እናቴ ጋ ይሂዱ፣ አሁኑኑ!»

«በምን ልሂድ? መኪናው የአክረም ነው። የሱ ካልሆነ የወንድሙ ነው። ገና ሳልሳፈር ይደወልለታል።»

«ፖሊስ...»

«ፖሊሱን ምን ልበለው? ዝፈኚ አሉኝ ልበል?» አስማ ሳቀች። ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረና ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ነስሪን በዚያ ትንፋሽ ውስጥ፣ ያቺ መጋዘን ሙሉ ሴት የምታዘፍን ሴት እየተንቀጠቀጠች መሆኑን ሰማች።

«አፉ ይበሉኝ አዴ። እኔ ነኝ። ዝርዝሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አፉ ብያለሁ። ለቅሶውን በኋላ እናደርሳለን፤ አሁን ስሚኝ። ስሜን እሱ ብቻ ሲያውቀው ነው የሚያስፈራኝ። እሱ ብቻ ካወቀ፣ ነገ አስማ ወደቀች ይባላል፣ ታመመች ይባላል፣ ቀደር ነው ይባላል። አገር ካወቀው ግን አስማ የት ደረሰች ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እዚያ ሰው አለ?»

«ሁለት መቶ ያህል።»

«እሱስ አለ?»

ከደረጃው ሥር ነጭ መኪና ቆመ። ዲኑ እየሮጠ ወርዶ በሩን ከፈተ። የወረደው ሰው ግራጫ ኮት ደርቧል፤ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ይዟል።

«እየገባ ነው» አለች ነስሪን በሹክሹክታ።

«በይ እንግዲህ፣ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው። ከመግሪብ በፊት ይሁን። ብቻ አልፈራም አላልኩሽም። እየፈራሁ ነው።» ስልኩ ተዘጋ።

መጽሐፉ በየቦርሳው ሆኖ ለታዳሚው ሁሉ ታደለ፤ ነስሪን የመክፈቻ ንግግሩን አልሰማችም። ዓይኗ ያረፈው ፊት ወንበር ላይ በተቀመጠው የአክረም ማጅራት ላይ ነበር። ዝም ብትል ምን ይቀርባታል? ዕድገቱ ይጸድቃል። ሰኞ ታስተምራለች። ምናልባት ሰዎቹ ማስፈራራት ብቻ ፈልገው ይሆናል። ምናልባት። ይህችን ምናልባት በአእምሮዋ አገላብጣ አገላብጣ፣ ሌላ ሰው ነፍስ ላይ የተቀመጠች መሆኗን ስታየው አፈረች። ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።

ሻይ ዕረፍት ላይ ከኋላዋ የሽቶ ሽታ መጣ።

«መምህርት ነስሪን አንቺ ነሽ?» አክረም ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ ፈገግታው ያባት። «መጽሐፉን አነበብኩት። ዘፈን እንዲህ እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር። ጎበዝ ነሽ።»

«አመሰግናለሁ» አለች።

«የሂርና ልጅ ነሽ አሉ። አባትሽን አውቃቸዋለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ጫት የሚያስጭኑት አይደሉም? አሁንም ሌሊት ነው የሚወጡት?»

«አዎ።»

«ለጤናቸው ጥሩ አይደለም። ብርዱ፣ ጨለማው፣ መኪናው። ሰላም በያቸው።» ስኳር አማስሎ ሄደ።

ነስሪን ሻይዋን ሳትጠጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አሁን አደጋ ላይ ያሉት ሁለት ሰው ሆኑ፦ አስማና የራሷ አባት። ሽንት ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፣ አባቷ ጋ ደወለች። ደህና ነው፤ ምሳ ሊበላ ነው። «ምነው ድምፅሽ?» አላት። «ጉንፋን ነው» አለችው። ዛሬ ሌሊት እንዳይወጣ ለመነችው፤ እሱም ጫቱ ማንን ይጠብቃል ብሎ ሳቀባት።

ያኔ ገባት። አክረም በሰው ሁሉ ፊት አልዛተም። ፈገግ ብሎ፣ ሰላም ብሎ፣ ስኳር አማስሎ ነው ያስፈራራው። አስማ ደጅ የላካቸውም ያስፈራሩት በሳቅ ነው። ኃይሉ ሁሉ ያለው ሌላ ሰው ሳይሰማ በመናገሩ ውስጥ ነው።

ከዕረፍት መልስ የጥያቄ ሰዓት ሆነ። እጇን አወጣች። ዲኑ አይቷት ዓይኑን አሻገረ፤ ለሌላ ሰው ዕድል ሰጠ። አሁንም አወጣች። አሁንም አለፋት። በሦስተኛው ሳይፈቀድላት ተነሥታ፣ ማይክ ከያዘችው ከሩሐማ እጅ ላይ ወሰደችው። ሩሐማ ለማስጣል አልሞከረችም።

«ጥያቄ ከሆነ ባጭሩ» አለ ዲኑ ከመድረክ። «ሰዓት የለንም።»

«ባጭሩ ነው።» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ማይኩ መንቀጥቀጡን አጉልቶ በአዳራሹ በተነው። አንዳንዱ ሳቀ። «መጽሐፉን ግለጡ። ዘፈን ቁጥር አራትን አንብቡ። ከዚያ አባሪ ሁለትን፣ ሰባተኛውን መስመር እዩ። አስማ አህመድ ትባላለች። መቻራ ነው የምትኖረው። ስሟን ለመጠበቅ ምዬ ነበር፤ አልጠበቅሁም። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ ማንም ከኔ ላይ እንዲያነሣው አልጠይቅም። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሁለት ሰዎች ይህን ገጽ ይዘው ደጇ ድረስ ሄደዋል። ከመግሪብ በኋላ እንመለሳለን ብለዋታል።»

የገጽ መገለጥ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ከኋላ አንዲት ተማሪ ግጥሙን ለራሷ እያነበበች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«ማይኩን አጥፉት!» አለ ዲኑ። የሚያጠፋ ሰው አልተገኘም።

«ዶክተር እንዳሻው፣ መጽሐፉ ገና ከካርቶን ሳይወጣ ለአንድ ሰው ብቻ ተሰጥቷል። ላኪው እርስዎ ነዎት። ተቀባዩም እዚህ አለ።»

አክረም ቀስ ብሎ ዞረ። ያ የአባት ፈገግታ አሁንም ፊቱ ላይ ነበር፤ ሁለት መቶ ሰው ግን እያየው ነው። ነስሪን ወደ ፊተኛው ረድፍ ተራመደች። ክንዷን ዘርግታ ማይኩን ወደ እሱ ያዘች።

«አቶ አክረም፣ ለኔ በሻይ መሐል አይንገሩኝ። አስማ ደጅ ሁለቱን ሰዎች የላካቸው ማን ነው? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚህ ማይክ፣ አሁን ይመልሱ!»