መቶ እስኪሞላ

«እግዜር ያጥናህ…» አለና ደምሰው ደንገጥ ብሎ አረመው። «ማለቴ፣ በርታ ጓድ ጎሳዬ።» ካድሬ ነው፤ እግዜርን በሰው ፊት አይጠራም። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አግዳሚው ላይ ተጠግቶ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ብቻ ነው የቀረህ አይደል?»

ጎሳዬ ሚስቱን አሰገደችን ከቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቢሆንም ቁጥሩን ያውቃል። ዘጠና ዘጠኝ የናሙና ብልቃጥ ገብቷል።

እሱ የሚመራው የጂንካ የዕጢ ምርምር ማዕከል ሁለት ክፍልና ሦስት ታፔላ አለው። ያ ክረምት የምረቃ ክረምት ነበር፤ ታፔላው ተመረቀ፣ አጥሩ ተመረቀ፣ ሃምሳኛው ናሙና ሲገባ ፍየል ታረደ። ክፉውን ዕጢ ከደጉ የሚለየው ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው። ብልቃጦቹ ግን መቶ ሞልተው፣ በአሥረኛው የአብዮት በዓል፣ በሙዚቃ እንዲሸኙ ተወሰነ። ሐሳቡን ደምሰው አመጣ፤ ጎሳዬ ፈረመ። ሲፈርም ደስ ብሎት ነበር።

አርባ አንደኛው ብልቃጥ የአሰገደች ነው። ከጡቷ ላይ ራሱ ቆርጦ ያወጣው።

«ስንት ቀረ?» ትለው ነበር እራት እያቀረበች።

«ሠላሳ።»

«የእኔን ብቻ አስቀድመህ ብትልከውስ?»

«ኃላፊው ለሚስቱ አደላ ይሉኛል።»

ከዚያ ወዲያ አልለመነችውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ገበያ ማዘውተር ጀመረች።

ከቀትር በኋላ ኤርሳዶ የሚባል የአሪ ገበሬ ወደ ድንኳኑ ገባ። አንገቱ ላይ ፋሻ ጠምጥሟል። አለቀሰ፤ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ዘገነ።

«ሚስትህ ገበያ ላይ አገኘችኝ» አለው ጎሳዬን። «‹እብጠት አለብህ፤ ሂድ አስቆርጥ፤ ቶሎ ይሙላልኝ› አለች። የሰው አንገት ስታይ ነው የምትውለው። እኛ አበደች አልን።» ትንሽ አላመጠ። «እኔ ሰባ ስምንተኛ ነኝ። መልሴ መጣ?»

ጎሳዬ አንገቱን ደፋ። «ገና አልሄደም።»

«እሷ ሄደች። እኛ ምን እንጠብቃለን?»

«አባት፣ በዓሉ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው!» አለ ደምሰው። «አንድ ሰው ብናገኝ…» ዓይኑ ድንኳኑ ውስጥ በተቀመጡት ለቀስተኞች አንገት ላይ መዞር ጀመረ።

ጎሳዬ ዓይኑን ተከተለው። ከዚያ ተነሣ።

«ኧረ ሐዘንተኛ ከድንኳን አይወጣም!» አሉ ሴቶቹ። ወጣ።

ማዕከሉ ገብቶ የብልቃጦቹን ሳጥን አነሣ፤ አድራሻው ከሚያዝያ ጀምሮ ተጽፎበታል። ተሸክሞት መንገድ ዳር ቆመና አዲስ አበባ የሚሄድ የጭነት መኪና አስቆመ።

«የሚሰበር ነው?» አለ ሹፌሩ።

«ይሰበራል።»

«ስንት ነው?»

«ዘጠና ዘጠኝ።»

«ምነው፣ መቶ አትሞላውም ነበር?» ሹፌሩ ሳቀ።

ጎሳዬ ዘቅዝቆ የለበሰውን ነጠላ ከትከሻው አወረደና፣ እንዳይጋጩ በብልቃጦቹ መሃል ይጠቀጥቀው ጀመር። አርባ አንደኛው ጋ ሲደርስ በጥለቱ ጠቀለለው።