አምስት በር የሚከፍት ቃል

ቁልፍ ሠሪው አንድ እምነት ነበረው፦ ቁልፍ የሚከፍተው አንድ በር ነው፤ ከዚያ በላይ ከከፈተ የሌባ ነው።

ያን ቀን ሚስቱን ከምትሠራበት ክሊኒክ ሊወስዳት ሲሄድ፣ አዲሱ የውጭ አገር ሐኪም በር ላይ ሲያወራት ደረሰ። ከእንግሊዝኛው የገባችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ “ሚስ”። ሚስቱም ሳቀች። ሳቋ እየከነከነው ይዟት ቤት ገባ።

እሷ ወደ ማጀት ስታልፍ፣ ሳሎን ፈተና የምታርመውን አስተማሪ እህቷን ጠጋ አላት።

“ሚስ ማለት ምንድን ነው?”

“መናፈቅ ነዋ፣ ጋሼ።”

“ሌላ ፍቺ የለውም?”

“ሞልቶ! ኢላማ መሳት፣ አውቶቡስ ሲያመልጥህ፣ ሰው ፈልጎ ማጣት። ያላገባች ሴትም ሚስ ናት።”

“ያገባችውስ?”

“‘ት’ ትጨምርላታለህ፤ ሚስት!”

እሱ አልሳቀም። “አምስት በር የሚከፍት ቁልፍ! ታዲያ ሐኪሙ የትኛውን ነው የከፈተው?” ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ ከማጀት ብቅ አለች። “ትናንት ቢሮዬ መጥቶ አጣኝ፤ ያለኝ ይኸው ነው። የሳቅኩትም ከኋላው ቆመህ ፊትህ ሲጠቁር አይቼ ነው።”

እፎይ ሊል ሲል እጇን በፎጣ እያደረቀች ቀረበችው። “በእኛ ቋንቋ ደግሞ አንድ በር ብቻ የሚከፍት ቃል አለ፤ ‘ናፈቅሽኝ’። መቼ ነው ያልከኝ?”

ቁልፍ ሠሪው አፉን ከፈተ። ቃሉን ያውቀዋል፤ ግን ሳይነካ ብዙ ከመቆየቱ የተነሳ ዝጎ አልዞር አለው።

“ጋሼ፣ ዘይት ላምጣልህ?” አለች እህቷ።