ጋቢ ለብሰው መጡ

«ስልኬን አምጭ አልሁሽ!»

«ቻርጅ ላይ ነው እትዬ ውባንቺ፤ ምን ያስቸኩልሻል?»

«ጧት ሞልቶ ነው ይዤው የወጣሁ! ዓይኔን እያየሽ ትዋሻለሽ?»

ሃና ዓይኗን ወደ ድስቱ ሰበረች። «በሰደር፣ እሺ፣ አመጣልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ቁጭ በይና እህል ቅመሽ።»

እህል ቅመሽ! ይችን ቃል ከውባንቺ በላይ ማን ያውቃታል? እዚህ ፔታህ ቲክቫ ከጎንደር የመጣ ሰው ዘመድ ሲሞትበት፣ ከመርዶ ነጋሪዎቹ መሀል ውባንቺ ጠፍታ አታውቅም። ስልክ የምትደብቀው እሷ፣ «ባዶ ሆድሽን አትዋይ» እያለች የምታጎርሰው እሷ፣ ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠርገው እስኪጀምሩ ስለ ሙቀቱ የምትቀባጥረውም እሷው። ስንቱን እንዲህ አዘናግታ አስለቅሳዋለች! ዛሬ ተራው የራሷ ሆነና አረፈው።

የቀራት ወንድም አንድ ነው፤ ቢልልኝ። ጎንደር ሆስፒታል ከተኛ ሦስተኛ ሳምንቱ። ትናንት ማታ ብትደውል፣ ብትደውል፣ አላነሳም።

ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን ነው የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ለልጆች ቃይታና፣ ለዕረፍት መዋያ፣ የተከፈተው። እናቶቹ ሥራ ሲውሉ አርባ ልጅ እዚያ ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ ይቧጨራል። ኃላፊዋ ሃና ናት። ውባንቺ ደግሞ ኪርያት አርዬ ቢሮ ስትወለውል ሃያ ዓመት ኖራ ጡረታ ብትወጣ፣ ቤት መቀመጡ እንደ እሾህ ወጋት፤ «ምሳውን በነጻ እኔ እሠራለሁ» ብላ ማንም ሳይጠራት መጥታ ወጥ ቤቱን ወረሰችው። ልጆቹም ሳቭታ፣ አያቴ፣ ይሏታል። በየቀኑ በበርበሬ የቀላ ፓስታ ነው። «ነጭ ፓስታ የበሽተኛ ነው» ትላለች። ሳህኑ ሁሉ ባዶውን ሲመለስላት ደግሞ፣ ኧረ እሷን ማን ይቻላት!

ዛሬ ግን ፓስታውም ትዝ አላላት። ነገሩን ትገጣጥማለች። ትናንት ሃና ከጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ከአባ ደሞዝ ጋር በር ላይ ሲንሾካሾኩ ነበር፤ እሷ ብቅ ስትል ጭጭ። ከልጆቹ የአንዱ፣ የኤሊራን እናት፣ ያች ሰላምታ የምትቆጥበዋ፣ ዛሬ ጧት አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። ያለ ነገር ነው?

ይኸን ስታስብ በሩ ተከፈተና አባ ደሞዝ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ወጥ ቤቱ ድረስ ገቡ። ሦስቱም ጋቢ ለብሰዋል። ውጭ አስፋልቱ ሊቀልጥ ደርሷል፣ እነሱ ጋቢ!

«አባ፣ ምነው በጧቱ?»

«እንዲያው... ልጆቹን እንይ ብለን።»

«ጋቢውስ?»

«መዝጋኑ ይበርዳል» አሉ፣ ግድግዳው ላይ የሚያጓራውን ማቀዝቀዣ እየጠቆሙ።

«እኔም ሰው ሳረዳ እንደዚሁ ነው የምል!»

አባ ደሞዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወይኔ፣ ጠረጉ!

«ውባንቺ ልጄ፣ ለሁሉም ጊዜ አለው። ሰው የወደደውን ይዞ አይዘልቅም። ዛሬ የያዝነውን ነገ እንለቃለን...»

ከዚያ ወዲያ የሰማችው የለም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች፣ ደረቷን እየመታች አዳራሹ መሀል ገባች። ልጆቹ ለጧት ስፖርት ተሰልፈው ነበር። የዛሬው እንቅስቃሴ ይኸ ነው ብለው አርባቸውም ደረታቸውን ይደልቁ ጀመር። «ወን-ድሜን! ወን-ድሜን!» ኤሊራን፣ የሰባት ዓመቱ ቀበጥ፣ ፊት ወጥቶ «ያላ፣ ጠንከር!» እያለ ይመራል።

ሃና ስልኩን ይዛ በረረች። ጎንደር በቪዲዮ ደወለችና ምስሉን ውባንቺ አፍንጫ ስር ደቀነችው። ቢልልኝ ነው! አልጋው ላይ ተደላድሎ ብርቱካን ይልጣል።

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«አንተ!»

«እኔ? መቼ?»

«ማታ ስደውል አላነሳህም!»

«መብራት ጠፍቶ ስልኩ ዘግቶብኝ ነው። ድኛለሁ እኮ፣ ነገ ሊያስወጡኝ ነው።»

ውባንቺ ስልኩን አገላብጣ ሳመችው። እልልታዋን አቀለጠችው፤ አርባው ልጅም ተቀበላት። ትንፋሽ ስታገኝ ግን ወደ ሃና ዞረች።

«እና ስልኬን ለምን ደበቅሽው?»

«የእናቶቹን ዋትስአፕ... የላኩትን ድምፅ እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

«ምን የሚል ድምፅ?»

ሃና ጣሪያውን ማየት ጀመረች። አባ ደሞዝ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ሦስት ሽማግሌ ተሰብስቦ ያልደፈረውን ኤሊራን ላቡን እየጠረገ ጨረሰው።

«ሳቭታ፣ ፓስታሽን አንበላም። ያቃጥላል። ሁልጊዜ ቆሻሻ ውስጥ ነው የምንደፋው። የሰፈሩ ድመት እንኳ አሽታ ጥላው ሄደች። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ፒታ በሁሙስ ይሠራልናል፤ አንቺ እቤትሽ ታርፊያለሽ።»

ስልኩ ውስጥ የቢልልኝ ሳቅ ብቻ ይሰማል፤ ብርቱካኑ ትን ብሎት ያስለዋል። ውባንቺ ወንድሟን ትክ ብላ አየችው።

«ምነው ሞተህ በነበር!»