በስልክ የተነፋ ጥሩንባ

ጫንያለው ቀኑን አልረሳውም፤ ዓምና ግንቦት ሰባት፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የሳቀበት የእድሩ ጸሐፊ መምህር ደረሳ ነበር። ከእሱ በኋላ ዐሥራ አራት ሰዎች ተከተሉ፤ የሁሉንም ስም በተራ ያውቀዋል።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነቀምቴ ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር መንደር ለመንደር ዞሮ ጥሩንባ እየነፋ የለፈፈ እሱ ነው። ደረሳ የእድሩን የቴሌግራም ግሩፕ ሲከፍት፣ «ከእንግዲህ አይድከሙ፤ ድምፅዎን ቀርጸው ይላኩ» አለው። ጫንያለው ከጽሕፈት ጋር እምብዛም ነውና ደስ አለው። የመጀመሪያውን መርዶ ሲልክ ታዲያ ስልኩን ድንጋይ አስደግፎ ቆመ፤ እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ነፋ፤ ከዚያ የሟቹን ስም ጠራ። ጥሩንባ ሳይቀድም መርዶ እንዴት ይነገራል?

ከድምፁ ሥር አንዲት የምትስቅ ቢጫ ፊት ብቅ አለች። ሌላው ሰው ማሰብም አላሻው፤ የተቀመጠችውን መንካት ብቻ ነው። ቁጥሯ ዓይኑ እያየ ዐሥራ አምስት ደረሰ። ፊት ለፊት ቢሆኑ አንዳቸውም መርዶ ላይ አይስቁም ነበር። ይህን ማወቁ ነው አብልጦ ያንገበገበው። ጥሩንባውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰቀለና፣ የደረሳም ቤት ቀን ይመጣል፣ አለ በልቡ።

ቀኑ መጣ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ደረሳ ዓይኑ ቀልቶ፣ ስልኩን እንደጨበጠ በሩ ላይ ቆመ።

«ኦቦ ጫንያለው፣ እናቴ አረፈች።»

የደረሳ እናት አዴ በቀለች ስልክ አልነበራትም። ጫንያለው ሲለፍፍ አጥሯ ጥግ ወጥታ፣ ጉሮሮው እንዳይደርቅ ውሃ የምታቀብለው እሷ ነበረች።

«በግሩፑ ላክበታ» አለው።

«ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለም። ሰው አልሰማም፤ ድንኳኑ ውስጥ እኔና እህቴ ብቻ ነን። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ማሎ፣ እባክዎ።»

«ጥሩንባ ያስቅ የለ?»

ደረሳ አቀረቀረ። «ያን ቀን እጄ ነው የቀደመኝ። ኔትወርኩ ሲመጣ ያቺን የሳቅ ፊት አጠፋታለሁ።»

ጫንያለው ወደ ጓዳ ገብቶ ጨርቁን ፈታ። ጥሩንባው መዛግ ጀምሯል። አፉን በጋቢው ጫፍ ወለወለው። ወጉ የሞተችን እናት በልጇ ስም መጥራት ነው፤ «የመምህር ደረሳ እናት» ብሎ። ያን ስም ካነሳ ዓመት አልፎታል።

«ይቅር ብለውኛል?» አለ ደረሳ ከደጅ።

ጫንያለው ጥሩንባውን በብብቱ ይዞ በአጠገቡ አለፈ። ሁልጊዜ ልፈፋውን ወደሚጀምርበት መስቀለኛ መንገድ ቁልቁል ሄደ።