ቀጭ ያላለው ሶኬት

ያች ቀይ መብራት የበራችው እሑድ ረፋድ ላይ ነው፤ ከጠበል ሲመለሱ። መሳፍንት ይነዳል፣ አማቱ እማማ ወለተ ኪዳን ከጎኑ ተቀምጠዋል፣ ሚስቱ እስከዳር ከኋላ አለች። ከሮብ ገበያ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያስገባው መንገድ መኪናዋን ሲያንገጫግጫት፣ ከእማማ እግር ሥር ያለው ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ጠበሉ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ትንሽ እንደሄዱ ከመሪው ፊት ለፊት፣ ደረቱ ላይ ኳስ የታቀፈ ሰው የምትመስለው ምልክት ቀይ ሆና በራች። የኤርባግ ምልክት ናት። መኪና ሲጋጭ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሰው የሚያተርፈው ነገር "ዛሬ በእኔ አትተማመኑ" ማለቱ ነው።

መሳፍንት ደግሞ አፉ አያርፍለትም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስንቱን ቤት መብራት የዘረጋ፣ ሽቦ በእጁ ሲነካ ነገሩ የሚገባው ሰው ነው፤ እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም። ምንጣፉን አየ፣ መብራቷን አየ፣ በቃ ፈረደ።

"እማማ፣ ጠበልዎ መኪናዬን ገደላት" አለ።

ሳቅ ቢጨምርበት ቀልድ ሆኖ ያልፍ ነበር። አልጨመረበትም። እማማ ክው አሉ። ይቅር በለኝ ልጄ እያሉ ጎንበስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ምንጣፉን ይጠርጉ ጀመር። እስከዳር በመስታወቱ ውስጥ ባሏን ገላመጠችው፤ እሱ ግን እንዳላየ ሆኖ መንገዱን አየ። ተዉት፣ ግድ የለም፣ አይጥረጉ የሚል አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። እስከ ቤታቸው ድረስ አሮጊቷ አጎንብሰው ሲጠርጉ መጡ።

እማማ ወለተ ኪዳን ከሲናን ገጠር የመጡት ለጉልበታቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸው እስከዳር አምጥታ እቤቷ አስቀመጠቻቸው። ሐኪሙም ታየ፣ ቅባቱም ተቀባ፤ እሳቸው ግን ደህና እሆናለሁ ብለው የሚያምኑት በኪዳነ ምሕረት ጠበል ነው። እሑድ እሑድ ይጠመቃሉ፣ በጀሪካን ይዘው ይመለሳሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጉልበታቸውን ይቀቡበታል። እውነት ለመናገር፣ መሳፍንት እሳቸውን በመኪናው ማመላለሱ ደስ ይለው ነበር። ጎረቤቱም "አማቱን እንደ እናቱ" እያለ ያመሰግነው ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ መሳፍንት አንዲት ቁራጭ ጥቁር ናስትሮ ቆርጦ መብራቷ ላይ ለጠፈባት። ገመድ የሚያሽግበት ናስትሮ ነው፣ ኪሱ ውስጥ አይጠፋም። እስከዳር ስትጠይቀው ውኃው ሲደርቅ በራሷ ትጠፋለች አላት። የከተማው ሰው መብራቱ ሲበላሽበት እሱን ይጠራል፤ እሱ የራሱን መብራት በናስትሮ ሸፍኖ ይዞራል። እንዲህ ነው እንግዲህ የእኛ አዋቂ!

የሚቀጥለው እሑድ መኪናዋን አስነሥቶ ክላክስ ቢያደርግ እማማ የሉም። ገና ጎሕ ሳይቀድ ምርኩዛቸውንና ጀሪካናቸውን ይዘው በእግራቸው ወጥተዋል። ተከትለው ሲሄዱ ከከተማው ወጣ ብለው፣ የመንገዱን ዳር ይዘው እያነከሱ ሲሄዱ አገኟቸው። መሳፍንት መስኮቱን አውርዶ ይግቡ አለ። እስከዳር ወርዳ ክንዳቸውን ያዘች። አንዴ አበላሽቻለሁ፣ ሁለተኛ አላበላሽም ብለው እንቢ አሉ። ሲቆጣም፣ ሲለምንም፣ በኪዳነ ምሕረት ሲላቸውም እንቢ። ከዚያ መሳፍንት መኪናዋን እንደ አህያ እየነዳ ከጎናቸው ቀስ እያለ ሄደ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያየዋል፤ ባዶ ወንበር ይዞ አሮጊት በእግር የሚያስኬድ አማች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ግን መሳፍንት ከሥራ ሲገባ ከእማማ ክፍል ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማ። ምንድን ነው ብሎ እስከዳርን ጠየቃት። እስከዳር ዓይኗ ቀልቷል። እናቷ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ኃይለ ሚካኤል ሄደው ነበር። ጠበል ሰው ያድናል እንጂ ዕቃ አያበላሽም፤ በእኔ እጅ ሲሆን ካበላሸ በደል ቢኖርብኝ ነው ብለው አልቅሰው ተናዘዙ። አባ ኃይለ ሚካኤል ፈገግ ብለው አባታችን ሆይ እንዲደግሙ አዘዟቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያውቁም እንዳይሰግዱ ከለከሏቸው። እማማ ግን ቅጣቱ አነሰባቸው። ለእኔ አዝነው ነው እንጂ በደሌ እንዲህ ትንሽ አይደለም ብለው ስግደቱን ከራሳቸው ጨመሩበት። ዱብ የሚለው ያ የታመመ ጉልበታቸው ነው።

"ስንቴ ለመንኳቸው፤ አይሰሙኝም" አለች እስከዳር። "መብራቷ እስክትጠፋ እሰግዳለሁ ብለዋል። መሳፍንት፣ በእመቤቴ፣ ያችን መብራት አጥፋልኝ።"

መሳፍንት በነጋታው መለዋወጫ ከሚሸጠው ከሙላት ዘንድ የመኪና ብልሽት የምታነብ ትንሽ መሣሪያ ተውሶ መጣ። ከመሪው ሥር ሰካት፤ ያነበበችው ስልኩ ላይ ወጣ፤ ከፊት ተሳፋሪው ወንበር ሥር ያለው መስመር ተቋርጧል ትላለች። አላልኳችሁም አለ በልቡ፤ ጀሪካኑ የነበረው እዚያው ነው። ቶሎ መንካት እንደሌለበት ያውቃል፤ ኤርባግ ከነቃ ፊት ላይ ይፈነዳል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ፣ በሽቦው ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ የወንበሩን ቦሎኖች ፈትቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ጋደም አደረገው።

ምንጣፉ ከፊት በኩል፣ የእማማ እግር ከነበረበት ላይ ውኃ የነካው ምልክት አለው። ምልክቱ ግን ወንበሩ ሥር ሳይደርስ ቆሟል። የኤርባጉ ሽቦ የሚገናኝበት ቢጫ ሶኬት ያለው ከወደ ኋላ ነው። መሳፍንት በእጁ ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው። የቆየ አቧራ እንኳ እንዳለ ተቀምጦበታል። ዝገት የለው፣ ሻጋታ የለው። ሁለቱ የሶኬቱ ጫፎች አፍ ለአፍ ተጠጋግተዋል እንጂ አልተቆለፉም።

ትዝ አለው። እማማ ጠበሉን ከማፍሰሳቸው በፊት ባለው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን አዲስ የወንበር ልብስ ሲያለብስ ወንበሩን የፈታው እሱ ነው። መልሶ ሲገጥም ስልኩ ጮኸ፤ አንድ ሆቴል መብራት ጠፍቶበት እየተጣደፈ ይጠራዋል። ሶኬቱን እንደነገሩ አገናኘው፣ በኋላ እጫነዋለሁ አለ፣ ቦሎኑን አሠረና ሄደ። ለሰው ሁሉ "ቀጭ ሲል ካልሰማችሁ አልገባም" እያለ የሚያስተምር እሱ! እሑድ ዕለት መንገዱ ሲያንገጫግጨው ነው የተለያየው። ጠበሉ ባይፈስም ያች መብራት መብራቷ አይቀርም ነበር።

በአውራ ጣቱ ተጫነው። ቀጭ አለ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ወንበሩን አሠረ፣ ባትሪውን መለሰ፣ በሙላት መሣሪያ የተመዘገበውን ስሕተት አጠፋ፣ ናስትሮውን ልጦ ጣለ። ቁልፉን ሲያዞር መብራቷ ለአፍታ በራችና ጠፋች። እንደዚያም ሆና ቀረች።

እስከዳር ከቤት ወጥታ ጠፋች ወይ አለችው። ጠፋች አላት። ውኃው ነበር ወይ አለችው።

"አዎ" አለ። "ረጥቦ ነበር፤ አደረቅሁት።"

አፈር ይብላ! ምን ነበር አንዴ ጨክኖ ቢናገር? እስከዳር ወደ ውስጥ ሮጠች። ወዲያው ከእማማ ክፍል እልልታ ተሰማ። ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ፤ የመሳፍንትን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ እያሉ መረቁት። እጁ ላይ ያለው አቧራ ከዚያች ሶኬት የተነሣ አቧራ ነው። ፈጣሪ በደሌን ይቅር አለኝ፣ የቀረውን ስግደት ደግሞ ለምስጋና እጨርሳለሁ ብለው ተመልሰው ገቡ።

ዱብ አለ ከግድግዳው ማዶ። ቆየት ብሎ ደግሞ ዱብ።

መሳፍንት ግቢው ውስጥ ቆመ። መሣሪያዎቹን ሰበሰበ፣ ካቻቢቴውን ጠረገ፣ የጠረገውን ደግሞ ጠረገ። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? እስከዳር አታውቅ፣ እማማ አያውቁ፣ ሙላትም መሣሪያው ከተመለሰለት አይጠይቀው። ይህን ሲያስብ ጭራሽ በራሱ አፈረ። መሣሪያውን መሬት ላይ ጣለና ወደ እማማ ክፍል ሄደ።

እማማ አጎዛቸው ላይ ተንበርክከዋል፤ ለመነሣት የአልጋውን እግር ይዘው ይታገላሉ። መሳፍንት ደግፎ አልጋው ላይ አስቀመጣቸውና እሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጉልበታቸው አብጦ ከቀሚሳቸው ሥር ይታያል።

"እማማ፣ ጠበልዎ አልነካውም" አለ። "እኔ ነኝ። ወንበሩን ስመልስ ሶኬቱን ሳልቆልፈው ትቼው ነው። አሁንም ረጥቦ ነበር ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ደረቅ ነበር።"

እማማ ቶሎ አልገባቸውም። ጠበሉ አልነካውም ወይ ብለው ደግመው ጠየቁት። አልነካውም አላቸው። በረጅሙ ተነፈሱ፣ አማተቡ፣ ፊታቸው ፈካ አለ፤ ጠበሉ ከነገሩ ነጻ መውጣቱ ነበር መጀመሪያ ደስ ያላቸው። ቀጥሎ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ያሻሹ ጀመር።

"ታዲያ ያ ሁሉ ስግደት የማን ሆነ?" አሉ።

መሳፍንትን ቢሰድቡት፣ ቢረግሙት በተሻለው።

"ለአንተ ይሁንልህ፣ ልጄ" አሉ እማማ። "እኔ ሰግጄልሃለሁ።"

እንዲህ ያለ ትልቅ ሰውዬ አጎዛው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የሚቀጥለው እሑድ እማማ በመኪና ለመሄድ እሺ አሉ። እግራቸው ግን ታጥፎ አልገባ ሲላቸው መሳፍንት ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አንሥቶ አስገባላቸው። ጀሪካኑን ከእግራቸው ሥር እንዲያስቀምጡት ለመናቸው፤ እዚሁ ይሁን ብለው ጭናቸው ላይ ታቀፉት። ቁልፉን ሲያዞር ያች ቀይ መብራት ብልጭ አለች። እማማ ጀሪካኑን ጭምቅ አድርገው ይዘው ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ እስክትጠፋ አልተነፈሱም። መሳፍንት ሞተር በተነሣ ቁጥር ለአፍታ መብራት ልማዷ ነው፣ ራሷን መፈተሿ ነው ብሎ አስረዳቸው። እሺ አሉ፤ ገብቷቸዋልም። ግን እስከ ዛሬ እሑድ በመጣ ቁጥር ጀሪካኑን እንደታቀፉ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቋታል። መሳፍንትም መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ ወደ ጎኑ ዞሮ ማየት አይሆንለትም።