በዳይሬክተሩ ሳህን ላይ የተገኘው ቻምቦ

ማሎምቤ ሐይቅ ዳር ዓሣ መለካት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ታንኳ ሲመጣ ዓሣውን እለካለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ ቅጹን ወደ መሥሪያ ቤቴ እልካለሁ። እዚያ ማን እንደሚያነበው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ቻምቦ የሚባለው ዓሣችን ከሐይቃችን እየጠፋ መሆኑን ሚስቶቻችን ከድስታቸው አውቀውት ካበቁ በኋላ መንግሥትም ደረሰበት። የኛ መሥሪያ ቤትና አንድ ዩኒቨርሲቲ ነገሩን በጋራ ሊያጠኑ ድንኳን ተጥሎ ተፈራረሙ። መሥሪያ ቤቱ ጀልባ አዋጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ሞተር። የዩኒቨርሲቲ ሞተር በመንግሥት ጀልባ ላይ እንዳለ ቢሰምጥ ተጠያቂው ማነው የሚለውን ግን የጋራ ኮሚቴው እንዲያየው ተባለ። ኮሚቴውም ማየት ጀመረ። እንዴት ያለ ጥንቃቄ! ዓመት ሙሉ ዓይኑን አልነቀለም።

ቲያሚኬ ንኮሎማ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ናት፤ ቻምቦ እየያዘች ጀርባው ላይ ቁጥር ያለው ቢጫ መለያ ሰክታ ልትለቅ፣ በኋላም የት እንደተያዘ ልትከታተል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አሸዋ ላይ የተጋደመውን ጀልባ ስታይ ከረመች። አንድ ጠዋት ሽማግሌው ዓሣ አስጋሪ ቼ ሳላንጄ አጠገቧ ቆመ፤ «ቼ» በኛ ቋንቋ «አቶ» እንደማለት ነው።

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ የሚያድሩት ዶሮዎች ናቸው። እንቁላል ካልፈለግሽ ተነሺ።»

«ኮሚቴው በቅርቡ ይወስናል ብለውኛል፣ ቼ።»

«የመጀመሪያ ሚስቴም በቅርቡ እመለሳለሁ ብላኝ ነበር። ነይ፣ ታንኳዬ ላይ ውጪ።»

ሦስታችን ሁለት ወር አብረን ቀዘፍን። ቻምቦ እንቁላሉን የሚጥልበትን ሸምበቆ ለልጁ እንኳ አሳይቶ የማያውቅ ሰው ለእሷ አሳያት። ዓሣውን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ይዞ ያቀርብላታል፤ መለያው ከተሰካ በኋላ፣ «ሂድ እንግዲህ፤ አንተም የመንግሥት ሆነሃል፣ ከእንግዲህ ሥራ የለብህም» እያለ ይለቀዋል። እኔን አይቶ ነው የሚስቀው።

ጥር ገባ፤ ማስገር የሚከለከልበት ወራት ጀመረ። በየካቲት ኮሚቴው የክልከላውን ውጤት ሊገመግም ሐይቁ ዳር ባለ ሎጅ ተሰበሰበ። ቲያሚኬ ስለ ሥራዋ እንድትናገር፣ እኔ ወረቀት እንድሸከም፣ ቼ ሳላንጄ ደግሞ «ኅብረተሰቡን» እንዲሆን ተጠራን። የመሥሪያ ቤታችን ዳይሬክተር፣ «ዘንድሮ አንድም መረብ ውኃ አልነካም» ብለው ንግግራቸውን ዘጉ። ተጨበጨበ። ምሳ ቀረበ፤ ንሲማ የምንለው የበቆሎ ገንፎና በቲማቲም የተሠራ ቻምቦ።

ቻምቦው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። የተራበ ሰው አይመራመርም።

ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አኝከው ማኘካቸውን አቆሙ። ጣታቸውን ከተው ከአፋቸው ቢጫ ነገር አወጡ። ቲያሚኬ ማስታወሻዋን ይዛ ብድግ አለች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ቁጥሩን ያነቡልኛል?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» አሉ፣ መምህር ፊት እንደቆመ ተማሪ።

«በኅዳር ወር ሸምበቆው ውስጥ የለቀቅነው ነው» ብላ ጻፈች። አማካሪዋ ፕሮፌሰር አንገታቸውን ሰብረው የራሳቸውን ዓሣ ሲመረምሩ አየኋቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እንዲህ ከልቡ ዓሣ የሚያጠና ምሁር አይቼ አላውቅም።

የሎጁ ወጥ ሠሪ አቢቲ ካሎንጋ ስትጠራ በፕላስቲክ ኩባያ ሠላሳ አንድ መለያ ይዛ መጣች። «እንግዳ እንዳያንቀው ብዬ ስለቅም ነበር፤ አንዱ አመለጠኝ» አለች።

«ዓሣውን ማነው የሚያመጣልሽ?» አለ ቼ ሳላንጄ።

ሴትዮዋ አዘነችለት። «እኔን ለምን ይጠይቁኛል፣ ቼ? የእህትዎ ልጅ ነው። ዊላዲ።»

እኛ ዘንድ የእህት ልጅ ከገዛ ልጅ ይበልጣል፤ ስም የሚወርሰው እሱ ነው። ሸምበቆውንም ቼ ራሱ ነው ያሳየው። ሽማግሌው ምሳውን ሳይነካ ወጣ፤ ተከተልኩት።

ዊላዲ ደጁ ላይ ትንሽ ትልቁን ጠራርጎ የሚያወጣውን ጎታች መረቡን ይጠግናል። «አጎቴ፣ የሚበሉት እኮ እነሱ ናቸው! ጥፋተኛው እኔ ብቻ ነኝ?»

«አይደለህም። የነሱን ሆድ ያሳደግሁት እኔ አይደለሁም፤ አንተን ግን እኔ ነኝ።»

መረቡን በትከሻው ተሸክሞ የመንደሩ አለቃ ደጅ ወሰደው። ሕዝብ እያየ ራሱ ለኮሰው፤ ሦስት ክብሪት ጨረሰ። እህቱ ረገመችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሰላምታ ነፈገችው። መንደርተኛው በሳምንቱ ጎታች መረብ እንዳይገባ በሸምበቆው ዙሪያ እንጨት ተከለ፤ የማንም ፊርማ አላስፈለገም።

ቲያሚኬን ኮሚቴው ጠራት። ፕሮፌሰሩ፣ «ዓሣው የተያዘበት ቦታ አይታወቅም ብትዪ ስህተት አይሆንም» አሏት።

«አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ እኮ፣ ፕሮፌሰር።»

«ሎጅ፣ የዳይሬክተሩ ሳህን» ብላ ጻፈች። የመመረቂያ ጽሑፏን አራት ጊዜ አርሚ ብለው መለሱላት። አራት ጊዜ ነጠላ ሰረዞቹን ብቻ አርማ አስገባች። ዲግሪዋ ስምንት ወር ዘገየ፤ ሳህኑ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

እንጨቱ በተተከለ በሁለተኛው ዓመት ክንድ የሚያክል ቻምቦ ለካሁ። የጋራ ሪፖርቱም ታትሞ ወጣ፤ የሁለቱ ተቋማት ትብብር ዓሣውን እንደታደገ ይናገራል። ለቼ ሳላንጄ ታንኳው አጠገብ ተቀምጠን አነበብኩለት።

«የኔ ስም አለበት?»

«የለም፤ ኅብረተሰቡ ነው የሚለው።»

መቅዘፊያውን አንስቶ ታንኳው ውስጥ አስገባ። «እንኳን አልኖረ» አለ፣ «እህቴ ሰምታ እንደገና እንዳትረግመኝ።»