የመርዶ ልምምድ

ሰርካለም ወልደኪዳንን ከምሰሶው ላይ አውርዳ መሬት ስታሳርፈው አምስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ፈጅቶባት ነበር። የተፈቀደላት አራት ደቂቃ ነው።

ቦታው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ሜዳ ነው። ኮረንቲ የማያልፍባቸው አሥራ ስምንት የመብራት ምሰሶዎች ተተክለውበታል። የመስመር ሠራተኛ ለመሆን የመጡ አሥራ አራት ወጣቶች ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ሲወጡና ሲወርዱ ከርመው የመጨረሻው ፈተና ላይ ደርሰዋል። ፈተናው ኮረንቲ ይዞት፣ ራሱን ስቶ እላይ የተንጠለጠለ ባልደረባን በገመድ አስሮ፣ ቀበቶውን ፈትቶ ማውረድ ነው። አራት ደቂቃ የተባለው ደግሞ ልቡ የቆመ ሰው ከዚያ በላይ ከቆየ ቢተርፍም ሰው ስለማይሆን ነው።

ለዚህ ፈተና የሚያገለግል ከጆንያ የተሰፋ፣ አሸዋና ጭድ የታጨቀ ሰው መሳይ ነበራቸው። ቱታ አልብሰው፣ ቦቲ ጫማ አጥልቀውለት፣ ሄልሜት ደፍተውለት ነበር የሚሰቅሉት። ከአንድ ቀን በፊት ግን እግሩ ተቀዶ እስኪሰፋ ድረስ መጋዘን ተጋድሟል። የሰርካለም ተራ ሲደርስ ወልደኪዳን እጁን አወጣና፣ «እኔ ልሙትላት» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

ሁለቱ በክፍሉ ውስጥ ይበልጥ የሚቀራረቡ ነበሩ። እሷ የአንኮበር ቄስ ልጅ ናት፤ ከአሥራ አራቱ ብቸኛዋ ሴት። እሱ የሰላ ድንጋይ ልጅ ነው፤ አባቱ ከሞቱ በኋላ ድቁናውን ትቶ እናቱን ለመጦር ሥራ ፍለጋ የወጣ፣ ወንድም እህት የሌለው። ምሳ ሲበሉ የማን አገር ታቦት እንደሚበልጥ ይከራከሩ ነበር።

አሰልጣኙ ኃይለኢየሱስ ይባላል። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ኮረንቲ የበላበት ሰው ነው። ጓንቱን ረስቶ የመጣ ሠልጣኝ በዚያ ውርጭ በባዶ እጁ ብረት ይዞ እስከ ረፋድ ይቆማል። ከፍታ የፈራውን ምሰሶ ጫፍ ላይ አስሮ ሌሎቹን ምሳ ይዟቸው ይሄዳል። አንድ ቀን ሰርካለም ለምን እንደዚህ እንደሚያደርግ ብትጠይቀው፣ «እያባበልኩ ያስተማርኳቸው ሁለት ልጆች ተቀብረዋል» አላት።

«ስንት ፈጀብሽ?» አላት አሁን።

«አምስት ከአሥር፣ ጋሼ። ገመዱ እላይ ተጠምዝዞብኝ ነው።»

«ስለ ገመድ አልጠየቅሁሽም። ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?»

ሰርካለም ወልደኪዳንን አየችው። መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሎ አንድ ዓይኑን ገልጦ ይስቃል። «ሞቷል» አለች።

«ማን ገደለው?»

«እኔ።»

ነገሩ እዚህ ላይ የሚያበቃ መስሏት ነበር። ከእሷ በፊት የወደቁትን ድንጋይ የሞላ ጆንያ አሸክሞ ሜዳውን አዙሯቸዋል፤ እሷም ጆንያውን በዓይኗ መፈለግ ጀምራለች። ኃይለኢየሱስ ግን ወልደኪዳንን ስልኩን ከፍቶ እንዲሰጠው ጠየቀውና ተቀብሎ ለሰርካለም ዘረጋላት።

«እናቱ ጋ ደውዪ። የገደለ ነው መርዶ የሚናገር።»

ከሠልጣኞቹ አንዱ ሳቀ። ኃይለኢየሱስ ዞር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠው።

«ጋሼ፣ እኔ የቄስ ልጅ ነኝ» አለች ሰርካለም። «መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ሰው ግራና ቀኟ ቆሞ ነው የሚነገራት።»

«በኮረንቲ የሞተ ሰው እናት ጎህ እስኪቀድ ማን ይጠብቃታል? እኔ የጓደኛዬን ሚስት ገበያ መሀል፣ ሽንኩርት ስትመርጥ ነው የነገርኳት። አንዴ አፍሽን ሞልተሽ ከተናገርሽው ሁለተኛ ገመድ አይጠመዘዝብሽም። ደውዪ። ካልደወልሽ ሁለታችሁም ወረቀት አታገኙም።»

ወረቀት የሚለው የምስክር ወረቀቱን ነው። ያለ እሱ ሥራ የለም።

ወልደኪዳን ከመሬት ተነስቶ ቱታውን እያራገፈ አጠገቧ መጣ። «ደውዪ በቃ» አላት በሹክሹክታ። «እንደነገርሻት ስልኩን ስጪኝ፤ ‹አለሁ እማዬ› እላታለሁ። ትሰድበኝና ትስቃለች። እናቴን አታውቂያትም።»

እሷም ደወለች። ኃይለኢየሱስ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አስደረጋት።

«ወልዴ! ምነው በዚህ ሰዓት? በላህ?» አለች እናቱ።

«እማማ… እኔ ሰርካለም እባላለሁ። አብሬው ነው የምማረው።»

«እሰይ የኔ ልጅ! እንዴት ናችሁ? ብርዱ እንዴት አደረጋችሁ? ጋቢ ልኬለት ነበር፣ ደርሶታል?»

ሰርካለም ቀና አለች። ኃይለኢየሱስ በሦስት ጣቱ «ቀጥዪ» እያለ ምልክት ይሰጣታል። አሥራ ሁለቱ ልጆች መሬት መሬት ያያሉ።

«እማማ፣ ወልደኪዳን… ከምሰሶ ላይ…» አባቷ ሲናገሩ የሰማችው ቃል አፏ ላይ መጣላት። «አርፏል።»

«ምን?» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ አንድ ነገር ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ጓ አለ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ወልደኪዳን ስልኩን ነጠቃትና ደወለ። ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ እንዳለ ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ ሞከረ። ከመንደሩ ሰው የአንድ ሰው ቁጥር ብቻ ነበረው፤ የእድሩ ዳኛ የአቶ ገብረአብ። የእሳቸው ስልክ ተይዟል ይላል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ተይዟል፤ ከዚያ ይጠራል እንጂ አይነሳም። አቶ ገብረአብ በዚያ ሁሉ ሰዓት ለማን እንደሚደውሉ ሰርካለም ገባት፤ ለቅሶ እየጠሩ ነው።

«ሄጄ ልድረስላት» አለ ወልደኪዳን።

«ሂድ» አለው ኃይለኢየሱስ። ፊቱ ትንሽ ተለዋውጧል፤ ድምፁ ግን ያው ነበር። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት እዚህ ያልተገኘ ይቅር።»

ሰርካለም ሳትጠየቅ ተከተለችው። ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆሙ። መንገድ ላይ አንድ አይሱዙ ጋቢ የለበሱ ወንዶችና ጥቂት ሴቶች ጭኖ በተቃራኒው እየበረረ አለፋቸው። ወልደኪዳን ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም ነበር። ሰርካለም መኪናውን አይታ፣ ለቅሶ የሚሄዱ ናቸው ብላ አሰበች፤ ሌላ ነገር አልመጣላትም።

ሰላ ድንጋይ ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሏል። ወንዶች አግዳሚ ወንበር ይደረድራሉ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ስሙን ይጠራሉ። ወልደኪዳን «አለሁ! አለሁ!» እያለ በሩጫ መሀላቸው ሲገባ ከፊቱ የነበረች ሴት ጮኻ በጀርባዋ ወደቀች። ሌሎቹ ሸሹ። አክስቱ ብቻ ቆማ ጠበቀችው፤ ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን። ከዚያ በጥፊ አጮለችው።

«እናትህ ሬሳህን ልታመጣ ደብረ ብርሃን ሄዳለች» አለችው።

ደብረ ብርሃን የሆነውን ሰርካለም በኋላ የሰማችው ከሜዳው ዘበኛ ነው።

የወልደኪዳን እናት፣ አስካለ፣ ከአይሱዙው ላይ ማንም ሳያወርዳት ዘላ ወረደች። ፀጉሯን በመቀስ ቆራርጣው፣ ፊቷን ነጭታው ደሙ አገጯ ላይ ደርቋል። «ልጄን ስጡኝ» አለች። ኃይለኢየሱስ ከቢሮው ወጥቶ፣ «ልጅዎ ደህና ነው እናቴ። ልምምድ ነበር። ወደ እርስዎ ነው የሄደው» አላት። አንድ ቃል አልዋሸም። እሷ ግን ወደ እድሩ ሰዎች ዞር ብላ፣ «ደብቀውታል» አለቻቸው። እነሱም ያመኑት እሷን ነው። በሩን ሁሉ እየገፉ፣ ክፍሉን ሁሉ እያስከፈቱ ሄዱና መጋዘኑ ጋ ደረሱ።

መጋዘኑ ውስጥ ሸራ የለበሰ ሰው ተጋድሟል። ከሸራው ሥር ሁለት ቦቲ ጫማዎች ወጥተው ይታያሉ፤ አንዱ እግር ከጉልበቱ ተቀዶ ወደ ጎን ዞሯል። አስካለ እግሩን አየች። ላዩ ላይ ስትወድቅ የጮኸችውን ጩኸት ዘበኛው ሊነግር ጀምሮ አቃተው። አቶ ገብረአብ ሸራውን ገፈው፣ «አስካለ፣ ጭድ ነው! ጭድ ነው እኮ፣ እዪው!» እያሉ ጭዱን በእፍኛቸው እየዘገኑ አሳዩዋት። አፏ ግን ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጇ ተዝለፍልፎ ነበር።

የእድሩ ሰዎች ኃይለኢየሱስን ሜዳው መሀል አስተኝተው ደበደቡት። ዘበኛው ነው ያስጣለው።

ወልደኪዳንና ሰርካለም ሆስፒታል የደረሱት ሊመሽ ሲል ነው። ሐኪሙ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሷል አላቸው፤ ቀኝ ጎኗም፣ ምላሷም እንደማይታዘዝላት ነገራቸው። ወልደኪዳን አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ፣ «አለሁ እማዬ» አላት። አስካለ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በቀረላት ጉልበት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰርካለም በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ ውስጥ አልገባችም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነገሩን የሚያጣሩ ሦስት ሰዎች መጡ። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቀን ኃይለኢየሱስ፣ ከንፈሩ ገና ያበጠ፣ ክፍሉን ሰበሰበ።

«እኔ ከዚህ ብነሳ የእኔ ፊርማ ያለበት ውጤት ሁሉ ይሰረዛል» አላቸው። «እንደ አዲስ ሦስት ወር ትጀምራላችሁ፤ ያውም የሚቀበላችሁ ካገኛችሁ። እንደፈለጋችሁ።»

በማግስቱ ሁሉም ተራ በተራ ተጠሩ። ለፊርማ የቀረበው ወረቀት፣ ሁለት ሠልጣኞች በእረፍት ሰዓት እርስ በርስ ሲቀላለዱ የተፈጸመ ድርጊት ነው፣ አሰልጣኙ አያውቅም ይላል። አሥራ ሁለቱ ፈርመዋል። ሰርካለም መጨረሻ ገባች። አንኮበር ያሉት አባቷ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎታቸው የሚያስገኝላቸው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ፣ ከእሷ በታች ያሉት አራት ልጆች ማንን እንደሚጠብቁ ታውቃለች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችውና ፈረመች።

በዚያው ሳምንት ፈተናውን እንደገና ወሰደች። ተሰፍቶ የተመለሰውን የጆንያ ሰው በሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ አወረደችው። ኃይለኢየሱስ ሰዓቱን ለሁሉም ከፍ አድርጎ አሳየ።

«አያችሁ? ዛሬ ማንም አልሞተም» አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሜዳው ከተከፈተ ወዲህ ከዚህ ያነሰ ሰዓት ተመዝግቦ አያውቅም ነበር።

ወልደኪዳን ጋቢውንና ሻንጣውን ሊወስድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ላይ ተገናኙ። ከስቷል፤ እናቱን አጥቦ፣ አጉርሶ፣ አገላብጦ ነው የሚውለው።

«ፈረምሽ አሉ» አላት።

«ፈርሜያለሁ።»

«እኔ ነኝ ደውዪ ያልኩሽ። ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያ ነው የምለው።» ሻንጣውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ስትገቢ ግን አጣሪዎቹ ምን ብለው ጠየቁሽ? ስሟን ጠየቁ? የእናቴን ስም?»

«አልጠየቁም።»

«አንቺስ ነገርሻቸው?»

ወልደኪዳን ትንሽ ጠብቋት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስትደውልለት አያነሳም።

ሰርካለም አረርቲ ተመደበች። ሙቀቱን ለመደችው፤ ሥራውንም። መስመሩ መጥፋቱን ራሷ ሳትፈትሽ ምሰሶ ነክታ አታውቅም። አለቆቿ በስሟ ይምሉ ጀመር። ኃይለኢየሱስ ማስጠንቀቂያ ተጽፎለት እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ፤ አዲስ ለሚመጡ ሠልጣኞች «ሰርካለም የምትባል ልጅ ነበረች» እያለ ሰዓቷን እንደሚነግራቸው ሰማች።

በሰባተኛው ወር አስካለ ሞተች። ሰርካለም ወሬው የደረሳት ከቀብሩ በማግስቱ ነው። የሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቃ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ሰላ ድንጋይ ሄደች። በዚያ በጩኸቱ ቀን ያዩዋት ሰዎች መልኳን አላስታወሱትም፤ ከሩቅ የመጣች ዘመድ መስላቸው ሴቶቹ መሀል ቦታ ሰጧት።

አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት የአስካለን ታሪክ ለመጣ ሁሉ ይተርካሉ። ድንኳኑን፣ አይሱዙውን፣ ጭዱን ሁሉ ተናግረው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የደወለችው ሴት ናት አሉ። ስሟን እንኳ አናውቀውም። ምላሷ ይቆረጥ! የወለደቻት እናቷ እንደ አስካለ ደንዝዛ ትቅር፣ ልጇን አትወቅ!»

«አሜን» አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ።

አሮጊቷ ዞር ብለው ዝም ያለችውን እንግዳ አዩዋት። የሌሎቹም ዓይን ተከተለ። ሰርካለም አንኮበር ያለችው እናቷ በዚህ ሰዓት ምን እያደረገች ይሆን ብላ አሰበች።

«አሜን» አለች።

ወልደኪዳን የእጅ ውኃ ይዞ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ሰምቷል። እንደ ወጉ በየተራ ለሴቶቹ እያስታጠበ መጥቶ እሷ ጋ ሲደርስ እጇን ዘረጋች፤ ቀዳላት።

«እግዜር ያጥናህ» አለችው።

ማስታጠቢያውን ወደምትቀጥለዋ ሴት አቀረበ። ሰርካለም ንፍሮ ተሰጥቷት በላች፤ ሰው ሲነሳ አብራ ተነስታ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት የተቋረጠ መስመር የሚጠግን ቡድን አረርቲ ላይ ይጠብቃት ነበር።